ቤት ውስጥ ሐውልት ለምትቀርጹ፦ ማስክ ብቻ ይበቃል?

መሮና መዶሻ
ሰላም ለሁላችሁ። ከጋራ ስቱዲዮ ወጥቼ ቤት ውስጥ ልሠራ ነው። አንዲት ትርፍ ክፍል አለች፤ አራት ሜትር በአራት ሜትር፣ መስኮቷ አንድ፣ በሯ ደግሞ በቀጥታ ወደ ሳሎን የሚከፈት። ሥራዬ በአብዛኛው እብነ በረድ ነው፤ አልፎ አልፎ ግራናይት። ሞዴሉን በጭቃ እሠራና በጀሶ አወጣለሁ። አሁን ደግሞ ቀለል ያለ ሥራ የሚፈልግ ሰው ስለመጣ ሬዚን (ሲቀላቀል የሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ልሞክር አስቤያለሁ። ቤት ውስጥ ትንሽ ልጅ አለችን። ባለቤቴ "አቧራው ሳሎን ከገባ አንተም ከነድንጋይህ ትወጣለህ" ብላ ቁርጡን ነግራኛለች። ጥሩ ማስክ ገዝቼ ብገባበት ይበቃል? ምኑን ላስቀድም?

ነጭ ቱታ
እንኳን ደስ አለህ፤ የራስ ቦታን የመሰለ ነገር የለም። ማስክ ግን ብቻውን አይበቃም። ማስክ የሚጠብቀው ያደረገውን ሰው ነው፤ እሱንም እስካደረገው ድረስ። አንተ ሥራ ጨርሰህ ስታወልቀው አቧራው ገና ሥራ ላይ ነው። ዓይንህ የሚያየው ብናኝ ቶሎ መሬት ይወርዳል። ሳንባ ድረስ የሚዘልቀው ከ10 ማይክሮን (ከሚሊ ሜትር መቶኛ) በታች የሆነው፣ በዓይን የማይታየው ነው። ደቃቁ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ክፍሉ ጥርት ብሎ እየታየህ እየሳብከው ነው ማለት ነው።

ዋናው ጠላት ክሪስታል ሲሊካ ነው፤ በሌላ ስሙ ኳርትዝ። ግራናይት ውስጥ ከ20 በመቶ በላይ አለ። የአሸዋ ድንጋይማ አብዛኛው እሱ ነው። ንጹህ እብነ በረድ ካልሳይት ስለሆነ ሲሊካው ትንሽ ነው፤ ለዚህ ዕድለኛ ነህ፣ ግን አቧራው ለሳንባ ይመቻል ማለት አይደለም። ሲሊካ ሳንባ ላይ ጠባሳ ይጥላል፤ ሲሊኮሲስ ይባላል፤ የሚያድነው መድኃኒት የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል።

ምን ያህል ነው ብዙ የሚባለው? የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ደንብ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 50 ማይክሮግራም ይላል፤ የ8 ሰዓት አማካይ ሆኖ ማለት ነው። ያንተ ክፍል ቁመቷ 3 ሜትር ቢሆን 48 ሜትር ኩብ ናት። አባዛው፤ 2.4 ሚሊግራም ይመጣል። አንድ ቁንጥር ጨው ወደ 300 ሚሊግራም ይመዝናል። ከዚያ ቁንጥር መቶኛው ያህል ደቃቅ ሲሊካ ክፍሏ ውስጥ ከተንሳፈፈ ገደቡ ጋ ደርሰሃል። ደረቅ ግራናይት በግራይንደር ስትቆርጥ ለዚህ ብዙ ጊዜ አይፈጅብህም።

ስለዚህ መጀመሪያ አቧራው እንዳይነሳ ማድረግ ነው፤ ውሃ። ቀጥሎ የተነሳውን እዚያው ምንጩ ላይ መሳብ። ቀጥሎ ክፍሉን ከቤቱ መለየት። ማስክ መጨረሻ ነው የሚመጣው። ሰው ሁሉ ግን ከማስኩ ይጀምራል፤ ሱቅ ገብተህ ገዝተኸው ስለምትወጣ መሰለኝ።

የድሮ እጅ
ልጆች እንደምን ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ድንጋይ ስጠርብ የማስረው ሻሽ ነው። ያስተማሩን ሰዎች እሱንም አያስሩም ነበር። ይኸው አለሁ። ልጁን እንዲህ ባታስፈራሩት ምናለ? በዚህ ከቀጠላችሁ ከጭቃም ልታስወጡት ነው።

ነጭ ቱታ
ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥዎት። እርስዎ የሠሩት በእጅ መሮ ይመስለኛል። መሮ ፍርካሽ ነው የሚጥለው፤ ግራይንደር ግን ድንጋዩን ዱቄት ያደርገዋል። ልዩነቱ እሱ ነው። በአሜሪካ ቬርሞንት ግዛት ባሬ የምትባል የግራናይት ከተማ አለች። በአየር ግፊት የሚሠራ መሣሪያ ከገባ በኋላ ነው ጠራቢዎቹ በሲሊኮሲስና በሳንባ ነቀርሳ በብዛት ማለቅ የጀመሩት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ አቧራ መሳቢያ ሲገጠም ነው ነገሩ የተለወጠው። ሙያው ያው፣ ድንጋዩ ያው፤ የተቀየረው መሣሪያው ነው። ሻሽ ደግሞ ትልቁን ያስቀር ይሆናል እንጂ ደቃቁን አያስቆመውም።

የድሮ እጅ
የአየር መዶሻማ እኔም ይዣለሁ፤ ብዙ ጊዜ። ሳንባዬ ደህና ነው። ይልቅ ጣቶቼ ናቸው። ብርድ ሲነካቸው ጫፋቸው ነጭ ይሆንና ይደነዝዛል። የግራው ይብሳል። ዕድሜ ነው ብዬ ትቼዋለሁ።

የደረት ክፍል ነርስ
ጋሼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፤ ይሄን ሲሉ ግን ማለፍ አልቻልኩም። እዚህ ሆኜ በሽታ መለየት አልችልም። ነገር ግን የነገሩኝ በንዝረት ምክንያት ከሚመጣው "ነጭ ጣት" ከሚባለው ችግር ጋር ይመሳሰላል። አሊስ ሃሚልተን የምትባል ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1918 ኢንዲያና ውስጥ በአየር መዶሻ የሚሠሩ የኖራ ድንጋይ ጠራቢዎችን ስትመረምር ያገኘችው ይሄንኑ ነው። ግራ እጃቸው የባሰበትም መሮውን የሚይዘው እሱ ስለሆነ ነው። ንዝረቱ የጣት ደም ሥሮችንና ነርቮችን ይጎዳል። ሐኪም ያሳዩ። ሲነግሩትም "ጣቴ ደነዘዘ" ብቻ ሳይሆን "በአየር መዶሻ ስሠራ ኖሬያለሁ" ብለው ይንገሩት፤ ካልነገሩት አይጠይቅዎትም። እስከዚያው እጅዎ ይሙቅ፣ መሮውን ጨብጠው አይያዙት፣ ሥራውን በእረፍት ይቆራርጡት። የሚያጨሱ ከሆነም ማጨሱ ያብሰዋል።

ሳንባዬ ደህና ነው ላሉት ደግሞ፣ የተለመደው ሲሊኮሲስ ምልክቱ ሳይታይ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ለሁላችሁም የምለው፣ ደህና ሳላችሁ አንድ ጊዜ የሳንባ አቅም መለኪያውን ነፍታችሁ ውጤቱን አስቀምጡ። በኋላ የሚነጻጸርበት ነገር ይኖራል።

ጢማሙ
ጥያቄ አለኝ። ጢም ያለው ሰው የትኛውን ማስክ ያድርግ? መላጨትን እንደ አማራጭ አትቁጠሩብኝ።

ነጭ ቱታ
ሃሃ። እንግዲያው ፊት ላይ የሚጣበቅ ማስክ ሁሉ ላንተ አይሆንም። የማስክ ዋናው ነገር ጠርዙ ነው፤ ፊልተሩ ምንም ቢያጣራ አየሩ በጢሙ መሐል ከገባ ከንቱ ነው። የሁለት ቀን ጢም እንኳ ያበላሸዋል። ላንተ የሚሆነው በባትሪ አየር እያጣራ ወደ ውስጥ የሚነፋ፣ ራስን የሚሸፍን ላላ ያለ ኮፍያ ያለው ዓይነት ነው። ውድ ነው። መላጨት ነጻ ነው።

ለሌሎቻችን፦ ኤን95 የሚባለው ቢያንስ 95 በመቶ ያጣራል፣ ፒ100 ደግሞ 99.97። ለድንጋይ ባለ ሁለት ፊልተሩን የጎማ ማስክ በፒ100 ወይም በአውሮፓው አቻው በፒ3 አድርጉ። የሐኪም ቤቱ ሰማያዊ ማስክ ጎኑ ክፍት ስለሆነ ለአቧራ አይሆንም። ባደረጋችሁ ቁጥር ደግሞ ፊልተሮቹን በመዳፍ ድፍን አድርጋችሁ አየር ሳቡ። ማስኩ ፊት ላይ ጭምቅ ብሎ ከቀረ ልክ ነው። በአፍንጫ አጠገብ ሽው ካለ ማሰሪያውን አስተካክሉ።

ጭቃ ሹም
ድንጋይ ድንጋይ ስትሉ የኛን ረሳችሁት። ሸክላም ሲሊካ አለበት! እርጥብ ጭቃ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚመጣው ወለል ላይ የወደቀው ደርቆ በእግር ሲረገጥ ነው። ቱታው ላይ የደረቀውም እንደዚያው፤ በተቀመጥክ በተነሳህ ቁጥር ይቦናል።

እኔ መጥረጊያ የሚባል ነገር ከክፍሉ አውጥቻለሁ። ደረቅ መጥረግ የተኛውን መቀስቀስ ነው። በኮምፕረሰር ልብስ መንፋትማ አይነሳ። የማጸዳው በእርጥብ ስፖንጅና በመወልወያ ነው፤ ባልዲዎቹም ሁለት ናቸው፣ አንዱ ለማጠቢያ አንዱ ለማለቅለቂያ። በአንድ ባልዲ ብቻ ከወለወልክ ቀጭን የጭቃ ቅብ ወለሉ ላይ ቀብተህ ነው የምትወጣው፤ ሲደርቅ እንደገና አቧራ። ተራ የቤት ቫክዩምም አትጠቀሙ፤ ከፊት ስቦ ደቃቁን ከኋላ ይተፋዋል። ደቃቁን የሚይዝ ሄፓ የሚባል ፊልተር ያለው መሆን አለበት። የደረቀ ሥራ በብርጭቆ ወረቀት ከመፈግፈግ ገና ሳይደርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ማለስለስ ይሻላል።

መሮና መዶሻ፣ የልጅህን ነገር በተመለከተ፦ የክፍሏ በር ጋ መስመር አስምር። ቱታውና ጫማው ከመስመሩ ወዲያ አያልፉም። ቱታው ለብቻው ይታጠባል፤ ሳይራገፍ። እጅና ፊትህን ሳትታጠብ ልጅ አትቀፍ። በሩ ሥር ያለውን ክፍተት በጎማ ዝጋው።

መሮና መዶሻ
እንዴት ደስ ይላል፣ አመሰግናለሁ። መስኮቱ ላይ ቬንትሌተር ልገጥም ነበር፤ ንጹህ አየር ወደ ውስጥ እንዲነፋልኝ።

ነጭ ቱታ
አገላብጠው! ወደ ውስጥ ከነፋ ክፍሏ ትሞላና አቧራው በበሩ ሥር ወደ ሳሎን ይገፋል። ወደ ውጭ የሚነፋ ይሁን። ያኔ አየሩ ከሳሎን ወደ ክፍሏ ይሳባል እንጂ ከክፍሏ ወደ ሳሎን አይወጣም። ንጹሑ አየር ከጀርባህ መጥቶ፣ ሥራህን አልፎ በመስኮቱ እንዲወጣ ቁም። በሥራውና በመስኮቱ መሐል ከቆምክ ግን የሚያልፈው ባንተ አፍንጫ ነው።

ውሃ በተመለከተ ደግሞ ተራ ግራይንደር ላይ ውሃ እያፈሰስክ አትሥራ፤ አቧራውን ሸሽተህ ኤሌክትሪክ ይይዝሃል። ለውሃ ተብሎ የተሠራ ማሽን ወይም በአየር የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል። የክፍሏ መስመር ላይም የኤሌክትሪክ ፍሳሽ ሲያገኝ ወዲያው የሚያጠፋ 30 ሚሊአምፔር ብሬከር አስገጥም። ማከፋፈያው ወለል ላይ አይቀመጥ። ግራናይቱን ግን እንደኔ እንደኔ ውጭ አውጥተህ ብትሠራው ነው የሚሻለው።

ጠጠር
አንድ ነገር ልጨምር። ስሙ የማይታወቅ ድንጋይ አትቅረጹ። ሰርፐንታይን የሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ አንዳንዱ አስቤስቶስ (ካንሰር የሚያመጣ ጭረታማ ማዕድን) አለበት። ለስላሳው የሳሙና ድንጋይም እንደተቆፈረበት ቦታ ሊኖረው ይችላል። ለጀማሪ ይመቻል እየተባለ ለልጆች የሚሰጠው ደግሞ እሱ ነው! ሻጩ የአስቤስቶስ ምርመራ ወረቀት ከሌለው ይቅርብን። የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፈው ሰው ሠራሽ ኳርትዝ ቁራጭም በነጻ ተገኘ ተብሎ ወደ ቤት አይግባ። ከ90 በመቶ በላይ ሲሊካ ያለው አለ። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ጭራሹን አግዳዋለች።

ድንጋይ ብቻ አይምሰላችሁ። ጊሊያን ጄንሰር የምትባል ካናዳዊት ቀራጺ ለዓመታት ሙሰል የሚባል ባለ ሁለት ክዳን የውሃ እንስሳ ዛጎል እየፈጨች ስትሠራ ኖራ በአርሴኒክና በሊድ ተመርዛለች። ዛጎሉ ከውሃው የሰበሰበውን መርዝ ነው የተነፈሰችው። ተፈጥሯዊ ነው ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም።

ሬዚን ቤት
እስከ አሁን ሬዚኑን ማንም አልነካውም። እኔ ከምሠራው ሰው ልንገርህ፤ ቤትህ ውስጥ አትሥራው። በተለይ ፖሊስተር የሚባለውን ዓይነት። የሚሸተው ስታይሪን የሚባል የሚተን ኬሚካል ነው። የአቧራ ማስክ ለእንፋሎት ምንም አያደርግም፤ በወንፊት ውሃ እንደመያዝ ነው። ለሱ የሚሆነው እንፋሎት የሚመጥ ካርትሪጅ ያለው ነው። ካርትሪጁም ይጠግባል፤ ጠረጴዛ ላይ ክፍት ከተውከው ሳትሠራበት ነው የሚያልቀው። በታሸገ ከረጢት አስቀምጠው።

ሬዚኑን የሚያጠነክረው ሃርድነር ፐርኦክሳይድ ነው፤ ዓይን ያጠፋል። አንድ ጠብታ ይበቃዋል። ስለዚህ ስትቀላቅል ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር ታደርጋለህ፤ ድንገት ከነካህ ወዲያው በብዙ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እያጠብክ ከዚያ ሐኪም ቤት። ሃርድነሩንና ማፍጠኛውን ኮባልት በቀጥታ አታገናኛቸው፤ ይፈነዳሉ። አንዱ ሬዚኑ ውስጥ በደንብ ከተዋሃደ በኋላ ነው ሌላው የሚገባው።

"ሌላው የሬዚን ዓይነት፣ ኤፖክሲ፣ ሽታ የለውም፣ ስለዚህ ይሻላል" የሚል አለ። ኤፖክሲ ጠባዩ ሌላ ነው። ቆዳ በነካ ቁጥር ሰውነት ይመዘግበዋል። አንድ ቀን አለርጂው ሊነሳ ይችላል፤ ከተነሳ ደግሞ ዕድሜ ልክ ነው። ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ መግባት ብቻ ፊትህን ሊያሳብጥ ይችላል። ናይትራይል ጓንት አድርግ። እጅህ ላይ የፈሰሰውን በቲነር ወይም በአሴቶን አትታጠበው፤ በሳሙናና በውሃ ነው። አሴቶን ቆዳውን ከፍቶ ያስገባዋል።

ቀራጺዋን ኒኪ ደ ሴን ፋልን ታውቋታላችሁ አይደል? እነዚያን ባለ ብዙ ቀለም ትልልቅ ሴቶች የሠራችው። ከፖሊስተርና ከፎም ጋር ስትሠራ ሳንባዋ ተጎድቶ ዕድሜዋን ሙሉ ተሠቃይታበታለች። እ.ኤ.አ. በ2002 ያረፈችውም በሳንባ ሕመም ነው።

ጭቃ ሹም
ፎም ካነሳህ አይቀር፦ ነጩን ስታይሮፎም በጋለ ሽቦ ስትቆርጡ መስኮት ክፈቱ። ቢጫውን የፖሊዩሬቴን ፎም ግን በጋለ ሽቦ በጭራሽ። ሲቃጠል ሲያናይድ ያለበት ጋዝ ያወጣል። በመጋዝ ቁረጡት፣ ማስክ አድርጋችሁ።

አዲስ ገቢ
ጀሶስ? ጀሶ እንኳ ደህና ነው መሰለኝ። የልጄን እጅ በጀሶ ማውጣት ፈልጌ ነበር ለማስታወሻ።

የደረት ክፍል ነርስ
እባክሽ እህቴ ወይም ወንድሜ፣ በቀጥታ ጀሶ ውስጥ አታስገቡት! ጀሶ ሲጠነክር ይግላል። ወፈር ሲል 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ ይጠነክራል፤ እጁ አይወጣም። እ.ኤ.አ. በ2007 እንግሊዝ አገር አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ እጆቿን ለሞልድ (ለቅርጽ ማውጫ) ብላ የጀሶ ባልዲ ውስጥ ከተተች። ስምንት ጣቶቿን አጥታለች። ለቆዳ የሚሆነው አልጂኔት ነው፤ የጥርስ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት። እጁን በአልጂኔት አውጡ፣ ጀሶውን ባዶ ሞልዱ ውስጥ አፍስሱ።

መሮና መዶሻ
ጥሩ ነው፣ ሬዚኑን ትቼዋለሁ። ሥራውን የሚያወጣልኝ ሰው እፈልጋለሁ። አቧራን ከሳንባ የሚያጥበው ወተት ነው የሚሉትስ? በየመሥሪያ ቤቱ እሰማለሁ።

የደረት ክፍል ነርስ
ወተት ጉሮሮ ወርዶ ሆድ ይገባል። አቧራው ያለው ሳንባ ነው። አይገናኙም። ወተቱን ከወደድከው ጠጣው።

ብየዳ ቤት
እኔም ወተቱን ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ጋልቫናይዝድ ላሜራ የበየደ ሁሉ ይጠጣል። ሽፋኑ ዚንክ ስለሆነ ሲቃጠል ነጭ ጭስ ያወጣል፤ ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትኩሳት፣ የሰውነት ቁርጥማት። ጉንፋን ይመስላል። በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል፤ ስለሚለቅም ሰው ይንቀዋል። መፍትሔው ወተት ሳይሆን ዚንኩን ከመበየዱ በፊት ማንሳት ነው። አንድ የማይታወቅ ነገር ልንገራችሁ፦ ብረቱን ክሎሪን ባለው የፍሬን ማጽጃ አጥባችሁ አትበይዱ። በብየዳው ብርሃን ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሆናል። ቤት ውስጥ የምትበይዱ ደግሞ መጋረጃ ስቀሉ። ልጆች ብልጭታውን ቆመው ያያሉ፤ ዓይናቸው የሚቃጠለው ማታ ነው።

የድሮ እጅ
ቀጠሮ ይዣለሁ፤ ለጣቶቼ። ነርሷ ትመረቂ።

እኔም በተራዬ አንድ ልበል። ስለ ሳንባ ይህን ሁሉ ስታወሩ ወገብ የሚባል ነገር አላነሳችሁም። አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ 2.7 ቶን ገደማ ነው። ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ድንጋይ ትንሽ ይመስላል፤ 73 ኪሎ ይመዝናል። 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነማ 170 አለፈ። ቤት ውስጥ ደግሞ የሚያግዝ ሰው የለም፤ ብቻህን "ትንሽ ነች" ብለህ ትታቀፋታለህ። ጎማ ያለው ጠረጴዛ ሥራ፤ ቁመቱ ካመጣህበት ጋሪ ጋር እኩል ይሁን፤ ማንሸራተት እንጂ ማንሳት አይኑር። ሥራውም በደረትህ ልክ ይሁን። ከጎንበስክ የማትቀና ነው የምትሆነው። ድንጋዩ ከወደቀም አትያዘው፤ እግርህን አሽሽና ልቀቀው።

መሮና መዶሻ
ጋሼ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር፤ እግዜር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ከድሮ ስቱዲዮ ያመጣሁት አንድ ካርቶን የመቁረጫ ዲስክ አለ። ያልተነካ ነው። እሱን ልጠቀምበት?

ብየዳ ቤት
ቀኑን እይ። መሐሉ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ላይ ወርና ዓመት ተቀርጾበታል። በሙጫ የተጣበቁት ዲስኮች ጊዜያቸው ከተሠሩ 3 ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሙጫው ይደክማል፣ እርጥበት ነክቶት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በፊት። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ ወደ 11 ሺህ ዙር ነው የሚዞረው፤ በዚያ ፍጥነት የተሰበረ ዲስክ ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ጊዜው ያለፈውን ሰብረህ ጣለው፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይገጥመው። መከላከያውን አትፍታ፤ ፈተህ ትልቅ ዲስክ መግጠም ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም። አዲስ ዲስክ ከገጠምክ በኋላ ከፊቱ ዞር ብለህ ለአንድ ደቂቃ ባዶውን አስኪደው። የአልማዙ ዲስክ ብረት ስለሆነ ቀን የለውም፤ ግን ስንጥቅ ካየህበት እሱም ይጣል።